አህያና ሰፊው ቦርሳ

ዝም ብላችሁ ስሙ። ረጅም አይደለም።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። ላፕቶፕም ቻርጀርም አፍ በነበራቸው ዘመን።

አንዲት አህያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከዘመዶቿ ማንም ገብቶ አያውቅም። እናቷ ስትሸኛት፣ «ልጄ፣ እኛ ጨው ጫንን፣ እህል ጫንን። አንቺ ግን ተምረሽ ጀርባሽ ይረፍ» አለቻት።

«ይረፍ» አለች አህያ።

ዩኒቨርሲቲው ዳገት ላይ ነው። ማደሪያው ከታች፣ መማሪያ ክፍሉ ከላይ። መሃል ላይ የግቢ በር አለ፤ ውሻ ይጠብቀዋል። የሚያስተምሩት የኔታ ኤሊ ናቸው። ፀሐይ የክፍሉን ደፍ ስትነካ በሩን ይዘጋሉ። ሦስት ቀን የተዘጋበት ተማሪ ወደ አገሩ ይመለሳል። አህያ ከተመለሰች የሚጠብቃት ጨው ነው።

መጀመሪያ «ላፕቶፕ ምረጪ» ተባለችና ዕቃ ቤት ሄደች። ዕቃ ቤቱን የያዘው ጃርት ሁለት አወጣላት። አንዱ እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ አንዱ ከደብተር የማይበልጥ።

«እኔን ውሰጂ» አለ ትልቁ። «እኔ ላይ ጉንዳን ዝሆን አክሎ ይታያል።»

«እኔ ለመንገድ እመቻለሁ» አለ ትንሹ።

«ዝም በል አንተ ስባሪ!» አለው ትልቁ።

አህያ አሰበች። ትንሹን ብይዝ ሰው ምን ይለኛል? አህያ ሆና ይቺን ያዘች አይሉኝም? ትልቁን አነሳችው።

«ይኼ ምን ይከብዳል! እኔ የጨው ጫኝ ልጅ ነኝ።»

«እዚህማ አይከብድም» አለ ጃርት። «ዳገቱን ጠይቂው።»

አልጠየቀችም። ልትወጣ ስትል ቻርጀሩ ከመደርደሪያው ጮኸ። «እኔንስ? ያለኔ እኮ እሱ እስከ ረፋድ አይቆይም!» ቻርጀሩ እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል። ሁለቱን የሚችል ቦርሳ ተፈለገ። አፉ እንደ ጆንያ የሰፋ ተገኘ።

በመጀመሪያው ቀን አህያ ዳገቱን ጀመረች። ጦጢት ደረሰችባት።

«እህት ዓለም፣ ቦርሳሽ ሰፊ ነው። ይቺን ደብተር ብቻ ያዢልኝ።»

ያዘችላት። ይቺ ደብተር አምስት ሆነች።

በግ ደረሰ። «እቴ፣ ሞቀኝ። ካፖርቴን ብቻ።»

ያዘችለት።

አያ ጅቦ ደረሰ። «ምሳዬን ብቻ።»

የተጠቀለለ አጥንት ነው። አህያ አየችው። «የማን አጥንት ነው፣ አያ ጅቦ?»

«አትጠይቂ። ዘመድሽ አይደለም።» ትንሽ አሰበ። «አይመስለኝም።»

ያዘችለት። ምን ታድርግ?

ሦስቱ እጃቸውን እያወዛወዙ ቀድመው ሄዱ። አህያ የግቢው በር ስትደርስ ውሻ ተነሳ።

«ፍተሻ! ሁሉንም አውጪ!»

ላፕቶፑን አወጣች። ቻርጀሩን አወጣች። አምስቱን ደብተር፣ ካፖርቱን፣ አጥንቱን አወጣች። አጥንቱ ላይ ፍተሻው ረዘመ። ውሻ አሸተተ፤ ዞሮ አሸተተ፤ ይቅርታ ብሎ እንደገና አሸተተ።

ስትደርስ የክፍሉ በር ተዘግቷል። አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ የኔታ ኤሊ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። ሸክም አዘገየኝ።»

«እኔ ቤቴን ተሸክሜ ደርሻለሁ» አሉ። አልከፈቱም።

በሁለተኛው ቀን አህያ ማልዳ ተነሳች። ጦጢትም ማልዳ ተነሳች። በግም፣ አያ ጅቦም። ደብተር ገባ፣ ካፖርት ገባ፣ አጥንት ገባ። ይኼኛው አጥንት ከትናንቱ ይበልጣል።

ትልቁ ላፕቶፕ ከውስጥ አማረረ። «ሴትዮ፣ ቀስ በዪ! አናወጥሽኝ! ደግሞ ይኼ አጥንት ሸተተኝ!»

«አንተ ደግሞ ውረድና ሂድ!» አለች አህያ።

«በምን እግሬ?»

ውሻ ፈተሸ። በሩ ተዘጋ። የኔታ ኤሊ ከውስጥ፣ «ነገ ሦስተኛሽ ነው» አሉ። «ነገ ፈተና ነው። ነገም ከተዘጋብሽ ከዚያ ወዲያ እንዳትመጪ።»

አህያ ያኔውኑ ዕቃ ቤት ሄደች። ቦርሳውን ከጃርት ፊት ጣለችው።

«ጋሼ፣ ይለውጡልኝ። አለበለዚያ ተመልሼ ጨው ልጭን ነው።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ ትንሹ ላፕቶፕ።

«አንተ ዝም በል» አለው ጃርት። «ይልቅ ጉድህን ንገራት።»

ትንሹ አፈረ። «ስክሪኔ ጠባብ ነው። ፊደሌ ጉንዳን ያክላል። አፍንጫሽን ማስጠጋት አለብሽ። ባትሪዬ ግን እስኪመሽ ይቆያል። ያን መጅ የሚያክል ቻርጀር አትሸከሚም።»

«እኔንስ የት ልትጥሉኝ ነው?» አለ ትልቁ።

«ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥ» አለ ጃርት። «እዚያ ሆነህ የሚያክልህ የለም።»

ትልቁ ይኼን ሲሰማ ደስ አለው። አህያ ትንሹን ወሰደች። ቦርሳው እሱን ብቻ የሚችል፣ ስስ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጦጢት መጣች። «ይቺን ደብተር ብቻ።»

«ቦታ የለም» አለች አህያ።

አህያ ቦታ የለም ስትል ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው። ጦጢት አላመነችም። ቦርሳው ውስጥ እጇን ሰደደች።

«እጅሽን አውጪ!» አለ ትንሹ ከውስጥ። «እኔ ራሴ ትንፋሽ አጥሮኛል!»

በግ መጣ። ቦታ የለም። ካፖርቱን ለብሶ እያላበው ወጣ።

አያ ጅቦ መጣ። ቦርሳውን አየ። ከዚያ የአህያን ጭን አየ።

«ቦርሳሽ ጠቧል።»

«ጠቧል፣ አያ ጅቦ።»

«ጀርባሽስ?»

አህያ ወደ ዳገቱ ፈቀቅ አለች። «ጀርባዬ ትምህርት ላይ ነው።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። አጥንቱ ከእጁ አመለጠ፤ ቁልቁል ሊንከባለል ሲል ዘሎ በአፉ ያዘው። አፉ ሞላ። መናገርም፣ መንከስም አልቻለም። አህያ ሮጠች።

«ፍተሻ!» አለ ውሻ።

«ይኸው።»

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ብቻ።»

ውሻ ቅር አለው። «እሺ፣ እለፊ።» ከዚያ ከኋላዋ አጥንት በአፉ ይዞ የሚመጣውን አየ። ፊቱ በራ። «አንተ ና! ፍተሻ!» ጦጢትና በግ ከኋላ ተሰለፉ።

ፀሐይ ደፉን ለመንካት አንድ ጣት ሲቀራት አህያ ገባች። የኔታ ኤሊ በሩን ዘጉ።

ፈተናው ተጀመረ። ፊደሉ አልታይ አላት። ተጠጋች፣ ተጠጋች፤ አፍንጫዋ አንዱ የፊደል ቁልፍ ላይ አረፈ። የኔታ ኤሊ መጥተው አዩ። ገጹ ሙሉ አንድ ፊደል ብቻ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አፍንጫዬ ነው፣ የኔታ።»

የኔታ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ቤታቸው አስገብተው ሳቁ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንገታቸውን አወጡ።

«አጥፊና እንደገና ጻፊ። በጊዜ ገብተሻል።»

አጠፋች። ጻፈች። አለፈች።

ስለዚህ ልጆች፣ የምትሸከሙትን ዕቃ ስትመርጡ ዓይናችሁን ብቻ አትጠይቁ። ትከሻችሁንም፣ መንገዱንም ጠይቁ። ሰፊ ቦርሳ የያዘም የራሱን ዕቃ ብቻ አይሸከምም።

እኔ ተረቴን አወረድኩ። እናንተ ያዙልኝ፤ አይከብድም።