ሽኮኮ ሰባት ቤት ስትቆጥር

ተረት ተረት ስላችሁ የሰማ ይቀበለኝ። አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን ክፉ ድርቅ ገባ። እማማ ዝሆን የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ዝቀው ውሃ አወጡና ዘመዶቻቸውን ጠሩ።

ሽኮኮም ምላሷ በጥም ደርቆ ከገደሏ ወርዳ መጣች። ለጥበቃ የቆመው ቀባጣሪ ዝንጀሮ ግን፣ «አንቺ የአይጥ ዘመድ! የዝሆን ዘመድ ከሆንሽ እስቲ ሰባት ቤት ቁጠሪ» አላት።

ቆጠረች። እናቷ ሽኮኮ፣ አያቷ ሽኮኮ፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሽኮኮ ብቻ። አፍራ ልትመለስ ስትል ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ እማማ ዝሆን መጡ።

«ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ለውሃ ሲሆን ከዚያም ወዲያ ይቆጠራል» አሉት ዝንጀሮን። ከዚያ ወደ ሽኮኮ ዞረው፣ «ነይ ልጄ፣ እግርሽን ከእግሬ አጠገብ አኑሪ» አሏት።

እየፈራች አኖረች። መላ እግሯ ከእማማ ዝሆን አንድ ጥፍር ያንሳል። ጥፍሯ ግን እንደ አይጥ የሾለ አይደለም፤ ልክ እንደሳቸው ደፍጣጣ፣ እንደ ሰኮና የደነደነ ነው። ሽኮኮ ከጥፍሩ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ሰማይ ወደሸፈነው ጆሮ ቀና አለች።

«ይሄ ሁሉ የኔ ወገን ነው?»

ውሃው ከፊቷ ሞልቶ ሳለ መጠጣቱን ረሳችው። እኔና ተረቴም እዚያው ቀና እንዳለች ትተናት መጣን።