ኮሽታ የማይሰማበት ቤት

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለውም። እንደገና መልሱልኝ። «ተረት ተረት።»

«የሰው ቤት።»

እንዲያ ነው። እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። እንቅልፍ የመጣበት ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ። ከመሐል ነቅቶ «ምን ሆነ?» የሚለኝን ሰው አልወድም።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ታላቅ ከተማ፣ አንዳርጌ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበረ። ሚስቱም ማንጠግቦሽ ትባል ነበር። አንዳርጌ ባለሙያ ነበረና የዕለት እንጀራ አላጣም። ሚስቱንም ይወዳት ነበር። የጎደላቸው ልጅ ብቻ ነበር። ማንጠግቦሽ ትፀንስና ፅንሱ ይጨነግፋል። ደግማ ትፀንስና ደግሞ ይጨነግፋል። ሰውም «ሾተላይ አለባት» እያለ ያማት ጀመር።

ከዚያም እንደገና ፀነሰችና አንዳርጌ ወደ አንድ ባለመድኃኒት ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሌውም ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀው። ጠይቆም ሥር አልማሰለትም፣ ቅጠልም አልበጠሰለትም።

ሽማግሌው፦ «ድንጋጤ ነው የሚያስወርዳት። እስክትገላገል ድረስ ኮሽታ የማይሰማበት ቤት አስቀምጣት» አለው።

አንዳርጌ ይህን ቃል በልቡ ቋጥሮ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮም ሌላ ነገር አላሰበም።

በዚያን ጊዜ በኪራይ የሚኖሩት ከአንድ ቀጥቃጭ ጎን ነበር። ቀጥቃጩ መዶሻውን ባነሣ ቁጥር አንዳርጌ የሚስቱን ፊት ያያል። መዶሻው ባረፈ ቁጥርም የእርሱ ልብ አብሮ ይመታል። ስለዚህ ሄዶ፣ እስክትወልድ ድረስ እጅህን ቀለል አድርግልኝ ብሎ ለመነው።

ቀጥቃጩም ሳቀና፦ «ወንድሜ፣ ብረት በልመና አይተጣጠፍም» አለው።

እውነቱን ነው። አንዳርጌም ዕቃውን ጭኖ ወጣ።

ቀጥሎ በአንዲት መበለት ግቢ ውስጥ ቤት አገኘ። ከአጥሩ ጀርባ ግን ጠጅ ቤት ነበረ። ከሰዓት በኋላ አዝማሪው ይጀምራል፤ ከአዝማሪው ቀጥሎ ጠበኛው ይጀምራል። አንዳርጌ ለመበለቲቱ አቤት ቢላት፣ ያከራየሁህ ቤቱን ነው እንጂ በላዩ የሚያልፈውን ነፋስ አይደለም አለችው። ከዚያም ወጡ። ሦስተኛው ቤት ነጋዴዎች የሚያድሩበት ሜዳ አጠገብ ነበር፤ በቅሎውና አህያው ሲተራመስበት ይውላል። ከዚያም ወጡ። ማንጠግቦሽ ሆዷ እየገፋ፣ ጉልበቷ እየደከመ፣ ምጣዷን ባሏ ጀርባ ላይ እያየች ከሰፈር ወደ ሰፈር ተከተለችው።

ያን ጊዜም ደላላ ነበረ። ደላላ የሌለበት ዘመን እኔ አላውቅም። የእነርሱ ደላላ ቀኜ ይባል ነበር። ቀኜ ጸጥ ያለ ቤት አገኘሁ ብሎ ይዟቸው ይሄዳል። ባለቤቱ ይወጣና የማንጠግቦሽን ሆድ ያያል። አይቶም በሩን ይዘጋል። አንደኛው ባለቤትማ፣ ነገ ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን ተሸክመው መጥተው እነርሱ ጸጥታ ይፈልጋሉ እንዴ ብሎ ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳቀባቸው።

ቀኜም ቢሰለቸው፦ «ጌታው፣ ጸጥታ የሚሻ ሰው ከተማ ምን ሊያደርግ መጣ?» አለው።

በመጨረሻ ግን ተገኘ። ከወንዙ ማዶ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት ዘንድ፣ ባለቤቱ ባላገር ወርዶ የዘጋው ቤት ነበረ። ከርግብ በቀር ድምፅ አልነበረውም። ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩት፤ እነርሱም ጨዋ ሰዎች ነበሩ። አንዳርጌ ደጃፉ ላይ ቆሞ አዳመጠና ዐይኑ እንባ አቀረረ።

በገቡ በማግሥቱ ጎረቤቶቹ ዳቦና እርጎ ይዘው መጡ። ከፊት እመት ዘርፌ ነበረች። እመት ዘርፌ የሰፈሩ አዋላጅ ናት፤ በዚያ መንደር በእጇ ያልተወለደ ልጅ የለም።

፦ «ቤት ለእንቦሳ» አሉ።

፦ «እንቦሳ እሰሩ» አለች ማንጠግቦሽ።

እልልም አሉ። እልልታው ቤቱን ሲሞላው ልጁ በሆዷ ውስጥ ተገላበጠና ማንጠግቦሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንዳርጌ ግን በጓዳው በር በኩል የቆመ ነበርና ሳቋን አላየም። እጇን ብቻ አየ። ደነገጠች ብሎም ደሙ ቀዘቀዘ።

በነጋም ጊዜ ለሚስቱ ሳይነግር ጎረቤቶቹን ከአጥሩ ውጭ ሰበሰባቸው። የደረሰባቸውን ሁሉ ነገራቸውና አዘኑለት። ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን አሉት። እርሱ ግን ይህ አልበቃውም። የሰው ቃል በነጋታው ይረሳል ብሎ ፈራ።

አንዳርጌም፦ «በአምላክ ስም ገዝቻችኋለሁ። ሚስቴ እስክትገላገል ድረስ ይህን ደጅ የረገጠ፣ የልጄ ደም በእጁ ይሁን» አለ።

ሰዎቹ ተያዩ። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። የተገዘተ ሰው ወይ የገዘተው ይፈታዋል፣ ወይ ካህን ይፈታዋል፤ ካልሆነ ታስሮ ይኖራል።

እመት ዘርፌ፦ «ልጄ፣ ምጥ የመጣ ዕለትስ?» አለችው።

፦ «ያን ዕለት እኔው ራሴ መጥቼ እፈታችኋለሁ።»

፦ «ምጥ አንተን ጠብቆ ይመጣል?»

አንዳርጌ ግን «አሜን በሉ» አላቸው። እነርሱም ቅር እያላቸው አሜን አሉና ተበተኑ።

ከዚያም ጸጥታ ሆነ። ማንጠግቦሽ ደጅ ደጁን ታያለች፤ የሚመጣ የለም። ዳቦ ይዘው የመጡት ሴቶች ከሩቅ ሰላም ይሏትና ያልፋሉ። ምን በደልኋቸው ብላ ባሏን ብትጠይቀው፣ የከተማ ሰው ልማዱ ነው፣ አትቀየሚ አላት። ይህን ሲላት ዐይኗን አላየም። እርሷም ብቸኝነት ቢጸናባት ከዶሮዋ ጋር ማውራት ጀመረች። ፊቷም ጠወለገ። አንዳርጌ ግን ጸጥታው እያደር ሲጠልቅ፣ ልጄ ዳነልኝ እያለ ደስ ይለው ነበር።

ወሯ ሳይገባም አንድ ባላባት ለልጁ ሠርግ ያዘዘውን ኮርቻ እንዲያደርስ ላከበት። አንዳርጌ ጊዜው ገና ነው ብሎ አሰበና ማለዳ ኮርቻውን ተሸክሞ ወጣ። ምጡም በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ መጣ።

የሆነውን ሁሉ አንዳርጌ የሰማው በኋላ ነው። ማንጠግቦሽ ጮኸች። እመት ዘርፌም ምጥ የምታውቅ ሴት ናትና ገና በመጀመሪያው ጩኸት ሮጣ መጣች። መጥታም ከአጥሩ በር ውጭ ቆመች። እግሯን አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው። ብገባ ልጁን እገድለዋለሁ፣ ባልገባም ይሞታል አለች። ጎረቤቱም ሁሉ ወጣ። አንዱን ግዝቱን እንዲፈቱ ወደ ካህናቱ ላኩት፤ ካህናቱ ግን ለንግሥ ወደ ሌላ ደብር ሄደው ነበር። አንዱን ደግሞ በበቅሎ አንዳርጌን እንዲከተል ሰደዱት። እመት ዘርፌ እግሯ ቢታሰር አፏ አልታሰረምና፣ ከአጥሩ ውጭ ሆና እንዲህ ተቀመጪ፣ እንዲህ ተንፍሺ እያለች ታዝዛት ነበር። ልጁ ግን በእግሩ ነበር የሚመጣው። በእግሩ የሚመጣ ልጅ እጅ ይሻል እንጂ ምክር አይበቃውም።

በበቅሎ የሄደው ሰው አንዳርጌን ከአንድ ሩቅ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ደረሰበት። ነገሩን በሰማ ጊዜ ኮርቻውን ከውሃው ዳር ጣለውና በቅሎዋን ተቀብሎ ጋለበ። እየጋለበም ፈትቻችኋለሁ፣ ፈትቻችኋለሁ እያለ ይጮህ ነበር። ባዶ ሜዳ ነበርና ማንም አልሰማውም።

ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሰዎቹ በአጥሩ ዙሪያ ቆመዋል። አንድም የሚናገር የለም። እመት ዘርፌ እጇን ታጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሁለቱን መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ከአጥሩ በር ቆማለች። ይህ ከቀጥቃጭና ከአዝማሪ ሲሸሽ የከረመ ሰው፣ አሁን አንዲት የሕፃን ልቅሶ ለመስማት ጆሮውን ወደ ቤቱ አዘነበለ። ኮሽታ አልነበረም።

፦ «ፈትቻችኋለሁ» አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ ዘርፌ ገባች። ቆይታም ወጣች።

፦ «እናቲቱ ትተርፋለች» አለችው።

ሌላ አልጨመረችም።  ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ነበርና ሙሾ አልወረደለትም።

ማንጠግቦሽ ጉልበት ባገኘች ጊዜ ባሏን ወደ መደቡ ጠራችው።

፦ «ዘርፌ ከአጥሩ ማዶ ሆና ‹ከቻልሽ ወደ ደጅ ውጪልኝ› ትለኝ ነበር። እስከ ምሰሶው ተሳብሁ። ከዚያ ወዲያ አቃተኝ። እርሷ ለምን አልገባችም?»

አንዳርጌ አላውቅም ሊላት አፉን ከፈተ። አልሆነለትም።

፦ «እኔ ገዝቻቸው ነው» አላት።

፦ «ሁሉንም?»

፦ «ሁሉንም። እንዳትደነግጪብኝ ብዬ።»



፦ «እኔ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። ይህንንም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹ ወደዚያ ቤት ይመላለሱ ጀመር። ሴቶቹ አጥሚቱን ያጠጧታል፣ ራሷን ይሠሯታል፣ ያጫውቷታል፤ ማንጠግቦሽም ትመልስላቸዋለች። አንዳርጌ ሲገባ ግን ሁሉም ዝም ይላሉ። የጀመሩትን ቃል ከአፋቸው ይመልሱታል፤ ነጠላቸውንም ሰብስበው ይወጣሉ። ሚስቱ እራቱን ታቀርብለታለች፤ አትሰድበውም፣ አትወቅሰውም፣ አታወራውምም። ወደ ገበያም ቢሄድ፣ ወደ ወንዝም ቢወርድ እንዲያው ነው፤ እርሱ የደረሰበት ሁሉ ጸጥ ይላል። እስከ ዕለተ ሞቱም እንዲህ ኖረ።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦዬን ቁረሱ። ስትቆርሱም አትንሾካሾኩብኝ፤ ድምፃችሁን አሰሙኝ።