መስኮቷ የታሸገው ቮልስ

እናንተ ሬሳ ሳታዩ ስንት ዓመት ትጠብቃላችሁ? አንድ ዓመት የምትሉ አላችሁ። አስር የምትሉም ትኖራላችሁ፤ አላምናችሁም። ለማንኛውም ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ሙግቱን እናንተ ትጨርሱታላችሁ።

በአንድ ወቅት፣ የጅቡቲው ባቡር ገና ሳይቆም፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወሰንየለህ የሚባል ሰው ነበረ። ወንድሜ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ አዳላች እንዳትሉኝ ነው። ወሰንየለህ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ቮልስ የነዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ መስኮቷ ጣት ያህል ካልተከፈተ ውስጥ የታፈነው አየር በሯን እንቢ ያሰኘዋል፤ ቢገፉት መልሶ ይነጥራል። ስለዚህ ወሰንየለህ የተሳፈረው ቄስም ይሁን ዳኛ «መጀመሪያ መስኮት» ሳይል አይነሳም ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት ሐረር ደርሶ ሊመለስ ወጣ። ከሐረር መነሳቱን ያዩ አሉ፤ ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ያየው ግን የለም። ሰዎች ገደሉን አንድ ሳምንት ፈልገው ተዉት። ከዚያ ወሬው መጣ፤ ጅቡቲ ሌላ ሴት አለችው ተባለ። ሚስቱ ደብሪቱ ያን ጊዜ የሁለት ልጆች እናትና የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በዓመቱ የእድሩ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መርዶ ሊነግሯት መጡ። በሩን በግማሽ ከፈተችው።

«ሬሳ ይዛችኋል?» አለቻቸው።

«ደብሪቱ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኛ እንኳን…»

«ካልያዛችሁ ሂዱና ቁርሳችሁን ብሉ።»

ዘጋችው። ከል አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም። ልጆቹ ሲያድጉ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠርታ በፊታቸው አንድ ቃል ተናገረች፤ «በሕይወትም ይሁን ሞቶ አባታችሁን እዚህ ግቢ ላስገባልኝ ልጅ ቤቱ የእሱ ነው። የቀሩት ይወጣሉ።» ቤቱ አራት ክፍልና ሁለት የኒም ዛፍ ነበር። ከዚያ ሌላ ልጆቹ ጣሪያ አልነበራቸውም።

ወሰንየለህ ከጠፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

የመጀመሪያው ልጅ ምናሴ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰ ጨርቅ ይነግዳል። አንድ ቀን ከአንድ አሮጌ ሱቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ቮልስ ተስላለች፤ ውስጡ ግን ጥቃቅን ፕላስቲክ ነው፣ እየተቆረጠ የሚገጣጠም፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት እንደ ወይን ዘለላ በቀጭን ግንድ የተያያዘ። ምናሴ ክፍሎቹን በጥፍር መቁረጫ ነጠላቸው፤ የቀረውን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ሞተሩን ከኋላ አስቀመጠ፣ ወንበሮቹን ገጠመ፣ አዝራር የማይሞሉትን ጎማዎች አሰረ። ሁሉንም ሲጨርስ ግንዱ ላይ ቁጥር የሌለው፣ የአሠራር ወረቀቱም የማያውቀው አንድ ክፍል ቀረ፤ የተቀመጠ ሰው፣ ግራ ክንዱ የታጠፈ።

«ትርፍ ነው፣ ጣለው» አለችው እህቱ።

«ምን ሆነሻል? መኪና ያለ ሹፌር ይነሳል?»

ሰውየውን መሪው ላይ አስቀምጦ አጣበቀው። ከዚያ መስታወቶቹን አንድ በአንድ ገጥሞ ዳር ዳራቸውን በማጣበቂያ ሞላ። አባቱ ሲጠፋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ «መጀመሪያ መስኮት» የሚለውን በየቀኑ ሰምቶታል። ሆኖም ካርቶኑ ላይ የተሳለችው መኪና መስኮቷ ዝግ ስለነበር እሱም ዘጋው።

ሁለተኛዋ ጥሩወርቅ ታፔላ ጸሐፊ ነች፤ ከዚራ ውስጥ የእሷ እጅ ያላረፈበት ሱቅ ጥቂት ነው። ሰማያዊውን ቀለም እያሳሳች አራት ጊዜ ቀባች፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አልደረበችም። የአባቷ መኪና ቀኝ ፓራፋንጎ ላይ፣ ከጎማው በላይ፣ የነበረውን ስርጉድ በጋለ መርፌ ሠራች። ኮፈኑ ላይ ያለውን ጭረት ጨመረች። ታርጋው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ቁጥሩን ቤት ውስጥ የሚያስታውስ የለም፣ ሊብሬውም ከመኪናዋ ጋር ሄዷል። የመጣልኝን አምስት ቁጥር ልጻፍ ብላ ብሩሹን አነሳች። ብሩሹ አላመነታም። የመጨረሻውን ቁጥር ስትጨርስ እናቷ ከጓዳ ተጣራች።

«ጥሩወርቅ፣ በር ላይ መኪና የቆመ መሰለኝ።»

«ማንም የለም እማዬ።»

«ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማሁት እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት የትንሿ ቮልስ መስታወት በውስጥ በኩል ጉም ለብሶ ተገኘ።

«የማጣበቂያው ጭስ ነው» አለ ምናሴ። «እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያደበዝዛል፤ ወረቀቱም ተጠንቀቁ ይላል።»

ደብሪቱ መኪናዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ጉሙ ሳሳ፣ ከዚያ ወፈረ። እንደገና ሳሳ፣ እንደገና ወፈረ።

«ጭስ እንዲህ ይመላለሳል?»

ምናሴ የአሠራር ወረቀቱን እንደገና ገለበጠ።

«እንግዲህ ማንም እንዳይነካው። እየተነፈሰ ነው።»

መኪናዋን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። የሃያ ሁለት ዓመት ወሬ ታወራለት ጀመር፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ጅቡቲ ሴት አለችው ያሉትንም በየስማቸው። ልጆቹ በዕድሜያቸው አይተውት የማያውቁትን ሳቅ በእናታቸው ፊት ላይ አዩ። ፈሩት። በሦስተኛው ቀን ግን ጉሙ ለመመለስ እየዘገየ ሄደ።

ሦስተኛው ኤፍሬም ጋራዥ ይሠራል። አባቱን አያውቀውም፤ ሲጠፋ እሱ ገና አልተወለደም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ በግራው መስኮት ጉም ላይ ከላይኛው ጠርዝ ፀጉር የምታህል መስመር ወደ ታች ስትሳብ አየ። አጠገቧ ሌላ ተሳበች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። የአራት ጣት ዱካ ነበር።

«እማዬ፣ መስኮቱን ሊያወርደው እየታገለ ነው።»

«አትንካው።»

«አየር እኮ የለውም።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት እኔ ነኝ። አትንካው ብያለሁ።»

ኤፍሬም ከኪሱ ቀጭን ካቻቢቴ አውጥቶ ጫፉን መስታወቷ ላይ ተጫነ። ጠቅ ብላ ወደ ውስጥ ወደቀች። ክፍሉን የቤንዚንና የእርጥብ አፈር ሽታ ሞላው። ጉሙ ጠፋ፤ አልተመለሰም።

ደብሪቱ ልጇን ብዙ አየችው።

«አወጣኸው ወይስ ጨረስከው?» አለችው።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ደንገጎ ላይ መንገድ የሚያሰፉ ሠራተኞች ከናዳ ሥር አንዲት ሰማያዊ ቮልስ አወጡ። ታርጋዋ ጥሩወርቅ የጻፈችው ቁጥር ነበር። መስኮቶቿ በሙሉ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል፤ የግራው ብቻ ተሰብሯል። ፎርማኑ «እኛ አልሰበርነውም፤ ስብርባሪው ሰውየው ጭን ላይ ነው የተገኘው፣ አፈር አልነካውም» ብሎ ማለ። ሬሳውን ያየው ሐኪም ሁለት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመለሰው አንድ ነው። «ይህ ሰው ከሞተ ሁለት ቀን ቢሆነው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ በሕይወት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ደብሪቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። መርዶውን ተቀበለች፣ ከል ለበሰች፣ ሬሳው ግቢው ገብቶ ከግቢው ወጣ። በአርባኛው ቀን እሷም ሞተች። ቤቱ የማን እንደሆነ አልተናገረችም።

ልጆቹ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ።

«አባቴን መሪው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ ምናሴ። «እኔ ባልገጣጥም ማን ምን ይዞ ይጠብቅ ነበር?»

«ገጣጥመህ አሸግከው» አለችው ጥሩወርቅ። «ያንተ የማንም ቮልስ ነበረች። የአባቴን ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ታርጋውን ስጽፍ መጣ።»

«መጥቶ የት ገባ? የታፈነበት ውስጥ አይደለም?» አለ ምናሴ። «ባትጽፊ ኖሮ ያቺ ባዶ ፕላስቲክ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ኤፍሬምን ጠሩት። «መስኮቱ ባይከፈት ዛሬም እዚያው ናዳ ሥር ነው» አለ።

«እማዬ አትንካው አላለችህም?» አለችው ጥሩወርቅ።

«ብላኛለች።»

«እና?»

«ሦስት ቀን አባት ነበረኝ፤ እናንተ ስድስትና ዘጠኝ ዓመት ነበራችሁ። ጣቶቹን አየኋቸው። እናንተ ብትሆኑ ተቀምጣችሁ ታዩ ነበር?»



ሽማግሌዎቹ መፍረድ ስላቃታቸው ነገሩን ሁሉ ጽፈው ለእኔ ላኩት፤ ከወንድሜ ወገን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዘመን ነው፤ ብዙ መጽሐፍም አንብቤያለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ፍርድ ግን አንዱም ውስጥ አላገኘሁም። ሁለቱ ልጆች ከቤቱ ይወጣሉ፣ አንዱ ይቀራል፤ የእናትየው ቃል ይኸው ነው። ሹፌሩን ያስቀመጠው፣ ታርጋውን ጽፋ ያመጣችው፣ ወይስ መስኮቱን የከፈተለት፤ አባቱን ወደ ቤት ያስገባው የትኛው ነው? የገደለውስ? አንዱ ሁለቱንም ከሆነ፣ ቤቱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

በደብዳቤው ግርጌ ሦስቱም ስለ ወንድሜ ሞት በየእጅ ጽሑፋቸው ይቅርታ ጠይቀውኛል። ቤቱን እናንተ ለወደዳችሁት ፍረዱ። ይቅርታ ግን ከእኔ ዘንድ የለም፤ ለሦስቱም፣ ገደሉን አንድ ሳምንት ፈልገው ለተዉትም፣ ለማንም።