የእማማ የሻረግ የዘር ባቄላ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እማማ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት በጓሯቸው ካለችው የዕቃ ጎጆ ሲወጡ አንድ የተበሳ ቅል ይዘው ነበር። አመድ ለውሰው በሦስት ቅል ካስቀመጡት የዘር ባቄላ አንዱን ቅል አይጥ በስቶ ባዶውን አስቀርቶታል። እማማ የሻረግ ከዚያ ጓሮ ሌላ መሬት የላቸውም። ዘሩ ካለቀ የዓመት ቀለባቸው አለቀ ማለት ነው።

ጉልበት ከድቷቸዋልና ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው በነፍስ አባታቸው ፊት፣ «ዘሬን ከአይጥ ያዳነልኝ ጓሮውን ለብቻው ይወስዳል፤ እኔንም ይጦረኛል» አሉ። ልጆቹ እንዲተጉላቸው ብለው ነው። መትጋቱንስ ተጉ፤ ያሰበውን ለሌላው የነገረ ግን አልነበረም።

ሴት ልጃቸው ውዴ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ ዘነቡ ድመት ተውሳ ጎጆው ውስጥ አስገባች። ድመቷ ገና የምታጠባቸው ግልገሎች ስለነበሯት ውዴ በየቀኑ ቀትር ላይ ወስዳት፣ ካጠባች በኋላ ትመልሳት ነበር። ድመቷ በገባች በማግስቱ ሁለት አይጥ ገደለች። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጥግ መርጣ መሬቱን ስትጭር ትውል ጀመር።

ታላቁ ልጅ አንዳርጌ የድመቷን ነገር አልሰማም። የመጣውም ቀትር ላይ፣ እሷ በሌለችበት ሰዓት ነው። ዱቄት በመርዝ ለውሶ በየማዕዘኑ አኑሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እማማ የሻረግ በሩን ሲከፍቱ ሰባት አይጥ ሞቶ አገኙ። ድመቷም ከተመረዙት አንዱን በልታ ኖሮ እዚያችው ጥጓ ላይ ደርቃለች። የቀሩትንም ሁለት ቅሎች አይጦቹ በስተው ባዶ አድርገዋቸዋል።

ወይዘሮ ዘነቡ መጥታ ድመቷን አየችና፣ «እነዚያን ጡት ያልጣሉትን ምን ላርጋቸው?» ብላ ሄደች። እማማ የሻረግም፣ ሦስታችሁም በአንድነት ኑና እርዱኝ ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ፣ ብለው ራሳቸውን ረገሙ።

ትንሹ ምንይችል እስከዚያ ድረስ ሲያስብ ነው የከረመው፤ ማሰብ ይወዳል። ድመቷን ልቅበር ብሎ መቆፈሪያ አነሳና፣ አፈሩ የላላው እዚያ ነው በማለት የጫረችውን ጥግ ቆፈረ። መሬቱ ሰምጦ የአይጦቹ ጉድጓድ ወጣ። ውስጡ አንድ ቅል የሚሞላ ባቄላ፣ አመዱ እንኳ ያልረገፈ፣ ተከምሮ ነበር።

«ቦታውን ያሳየችው ድመቷ ናት» አለች ውዴ። «እሷን ያመጣሁት፣ ከጎረቤቴም የተቀያየምኩት እኔ ነኝ።»

«አይጦቹን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለ አንዳርጌ። «እነሱ ቢኖሩ ያችም ባቄላ አትተርፍም ነበር።»

«እናንተ ስትጨርሱ ቅሉ ባዶ ነበር» አለ ምንይችል። «ዘሩን ከእማዬ እጅ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ባቄላው ጓሮውን ለመሸፈን በቂ ነው። ጓሮው ግን ለሦስት ቢቆረስ አንዱንም አያበላም። እማማ የሻረግ ሊዳኙ የተጠሩትን የነፍስ አባታቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ለአንዱ ብለሻል፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «እኔም ምስክር ነኝ።»

ዝናቡ ገባ፤ አፈሩ ራሰ። የአንዱ ስም እስኪጠራ ድረስ ሦስቱም መቆፈሪያ አልነካ አሉ። እማማ የሻረግ የልጆቻቸውን ፊት አንድ በአንድ አዩ፤ አንዱን ሲጠሩ ሁለቱ ዳግመኛ ደጃቸውን እንደማይረግጡ ገብቷቸዋል። ዝም ቢሉ ደግሞ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ጓሮው ለማን ይገባል? እማማ የሻረግስ የማንን ስም ይጥሩ?