ከስምንት ቤት የበለጠች ጎጆ

በአንዲት ከተማ አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ሀብታም ነበሩ። የአንዱን ቤት ኪራይ እያጠራቀሙ ሌላ ቤት ስለሚገዙ ስምንት ቤት አከራይተው ነበር። ዘጠነኛ ሊያደርጓት የቋመጡላት ግን በቤቶቻቸው መካከል ያለች የአንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ጎጆ ነበረች። ሴትዮዋ ከልጆቿ ጋር የምትኖርባትን ጎጆ አልሸጥም ብላ አስቸገረቻቸው።

አንድ ቀን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘው መጡና፣ «ስሚ አንቺ! ጎጆሽ ከስምንቱ ቤቶቼ የምትበልጥበትን አንድ ነገር ንገሪኝ። ከነገርሽኝ ሁለተኛ ሽጭልኝ አልልሽም። ካጣሽ ግን ዛሬውኑ ትሸጪልኛለሽ» አሏት።

«እሺ፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ይሁኑን» አለች።

አቶ ደምመላሽ ሳቁ። «በጣሪያዋ ነው የምትበልጠው?»

«ኧረ እሱስ ያፈሳል።»

«በግድግዳዋ?»

«እሱም ዘሟል።»

«ታዲያ በምኗ ነው?»

«በበሯ ነው፣ ጋሼ። እኔ ከገበያ ተመልሼ ሳንኳኳ ልጆቼ ‹እማዬ መጣች!› እያሉ ለመክፈት ይጋፋሉ። እርስዎ ደግሞ ከስምንቱ የፈለጉትን ሄደው ያንኳኩ፤ ውስጥ ያሉት ሁሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ‹ዝም በሉ፣ አከራያችን መጡ› ይባባላሉ።»