ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንዱ ሸንኮራ

ተረት ተረት።

«የመሠረት።»

ጮክ በሉ እንጂ፣ ከአሁኑ ልትተኙብኝ ነው? እሺ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል አሮጊት ነበረች። እህልም ሆነ ሥጋ ለመንደሩ የምትደለድለው እሷ ነበረች። ለራሷ ምንም ስለማትወስድ ሁሉም ያምኗታል።

አንድ ዓመት ዐሥር ቤተሰቦች ወንዝ ዳር ሸንኮራ በጋራ ተከሉ። ደረሰና ቆረጡት። ከዚያም አንጓችን ጠሯት። ብትቆጥረው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ አገዳ ሆነ። ለዐሥር ስትደለድለው ለየቤቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ደረሰና አንድ ተረፈ።

ከዐሥሩ አንዱ፣ ይርዳው የሚባል ጉልበተኛ፣ የተረፈችውን አገዳ ያዘ። ጎረቤቱ ቢያድግልኝም በሌላው ጫፍ ያዘ።

አንጓች፦ «ቆራርጬ ላካፍላችሁ» አለች።

ይርዳው፦ «ታችኛው ይጣፍጣል፣ ጫፉ ውኃ ነው። ጫፉን ማን ይወስዳል?» አለ። ከዚያም ባሏ የሞተባትን እናኑን አየና፦ «እሷ ለመኮትኮት ሰው አልላከችም። ድርሻ የላትም። ለዘጠኝ ያካፍሉን፣ እማማ፣ እኩል ይወጣል» አለ።

ሌሎቹም «ለዘጠኝ ይሁን» አሉ። እናኑ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ፈቀቅ አለች። አንጓች ጉልበቷን እያመማት ክምሩን አፍርሳ እንደገና ደለደለች። ለየቤቱ ሁለት መቶ ሰማንያ ደረሰና አንድ ተረፈ።

አንጓች፦ «አሁንስ ማንን ልታስወጡ ነው?» አለች።

ከመካከላቸው አንድ የታመመ ሰው አስወጡ። ለስምንት ሦስት መቶ ዐሥራ አምስት ሆነና አንድ ተረፈ። ቀጥለው አንድ ሽማግሌ አስወጡ። ለሰባት ሦስት መቶ ስልሳ ሆነና አንድ ተረፈ። እንዲህ እያሉ ሰው ሲያስወጡ፣ አንጓችም ስታፈርስና ስትደለድል፣ ይርዳውና ቢያድግልኝ ብቻ ቀሩ። ለሁለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ሆነና አሁንም አንድ ተረፈ።

ሁለቱ ዱላ አነሡ። የተባረሩትም ድንጋይ መልቀም ጀመሩ።

አንጓች እጇን የአገዳው ቅጠል ቆራርጧታል። ወገቧ አልቃና ብሏታል። የተረፈችውን አገዳ አነሣችና ክምሩ ላይ ቁጭ አለች። በጥርሷ ላጠችና ትመጥጥ ጀመር።

ይርዳው፦ «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

አንጓች፦ «እየበላሁ ነው» አለች።

ይርዳው፦ «ለራስዎ ወስደው አያውቁም እኮ» አለ።

አንጓች፦ «እንዲህ ሰልችቶኝም አያውቅም» አለች። የመጠጠችውን ተፋችና፦ «ይህ ክምር ለዐሥርም ለሁለትም እምቢ ያለው በዚህች በአንዷ ነው። እናንተ ሰው ስትቀንሱ ዋላችሁ፤ መቀነስ የነበረበት አገዳው ነው። በሉ እናኑን ጥሯት፣ ሌሎቹንም ጥሩ» አለች።

ውኃ የሆነውን ጫፍ ሳይቀር በልታ እስክትጨርስ የተባረሩት ድንጋያቸውን ጥለው ተመለሱ። ከዚያም ለዐሥር ደለደለች። ለየቤቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ደረሰ፣ የተረፈም የለም። ይርዳው የእናኑን ድርሻ እየተመላለሰ ተሸክሞ ቤቷ አደረሰላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

በዓመቱ ሸንኮራው ደረሰና ዐሥሩም አንድ ረጅም አገዳ ይዘው ወደ አንጓች መጡ። «ሳንቆጥር በፊት ይብሉልን» አሏት።

አንጓች፦ «ዘንድሮ ዘጠኝ ቢተርፍስ? ዘጠኙንም እኔ ልበላ ነው?» አለች።

እነሱም፦ «አዎ፣ እማማ» አሉ።

አንጓች በረጅሙ ተነፈሰችና ነጠላዋን አንሥታ ተከተለቻቸው።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ፤ በሉ ዳቦውን ቁረሱና አጉርሱኝ።