የትርሲት ውልና የኢዩኤል ቁም ሳጥን

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ይህ ተረት የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በረት የለውም፤ ላሟንም ዘበኛው አያስገባትም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትርሲት የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ከፍቅረኛዋ ከኢዩኤል ጋር ቤቱን በሁለቱም ስም ተከራይተው ኖሩ፤ ኖሩና ተለያዩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ የየራሱ መልስ አለው። ኢዩኤል ወንድሙ ቤት ገባ፤ ትርሲት ቀረች። የስፌት መኪናዋ እዚያ ነው፤ ደንበኞቿም የሚያውቁት ያንን በር ነው፤ ከዚያ ብትወጣ እንጀራዋም አብሮ ይወጣል። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ውሉ በስሟ እንዲዞርላት።

አከራይዋ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሄደች። «እትዬ፣ ውሉን በእኔ ስም ይጻፉልኝ።»

«የፈረማችሁት ሁለት ናችሁ። ነገ መጥቶ ‹ቤቴ ነው› ቢለኝስ? ‹ለቅቄያለሁ› ብሎ ካልፈረመ አልጽፍም፤ ሌላ ተከራይ አስገባለሁ» አሉ።

ኢዩኤል ዘንድ ሄደች። እትዬ አስካለ አይጽፉም፤ «ፈርምልኝ» አለችው።

«ቁም ሳጥኔ ሳይወጣ? ከፈረምኩ በኋላ ማን ያስገባኛል? አልፈርምም።»

ጫኝና አውራጆቹ ዘንድ ሄደች። ኢዩኤል አይፈርምም፣ እትዬ አስካለ አይጽፉም፤ «ቁም ሳጥኑን አውርዱልኝ» አለች።

«እህት፣ በሩ ቢዘጋብን መልሰን ሦስተኛ ፎቅ ልናወጣው ነው? ዘበኛው ካልፈቀደ አንነካውም።»

ዘበኛው ጋሽ ደበሌ ዘንድ ሄደች። ጫኞቹ አያወርዱም፣ ኢዩኤል አይፈርምም፣ እትዬ አስካለ አይጽፉም፤ «ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልኝ» አለች።

«ልጄ፣ ከዚህ ግቢ ዕቃ የሚወጣው በኮሚቴ ወረቀት ነው። ያለ ወረቀት መጥረጊያም አላስወጣም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ደበሌ አይከፍቱም፣ ጫኞቹ አያወርዱም፣ ኢዩኤል አይፈርምም፣ እትዬ አስካለ አይጽፉም፤ «ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች።

አቶ ልሳኑ ማኅተማቸውን እንደ ታቦት ነው የሚጠብቁት። «የቤቱ ባለቤት በአንደበታቸው ‹ይውጣ› ካላሉኝ አልመታም» አሉ።

የቤቱ ባለቤት ማን ናቸው? እትዬ አስካለ! ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይሄ ነው። ትርሲት ተመልሳ እሳቸው ዘንድ ሄደች።

«እሱ ሳይፈርም ‹ይውጣ› ልበል? አልልም!» አሉና በሩን ዘጉ። ትርሲት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ቤቷ ገባችና መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላ አሰረችው።

በማግስቱ እትዬ አስካለ መጡ። ለልጃቸው መልስ የሚለብሱትን ቀሚስ ትርሲት ዘንድ ሰጥተው ነበር። ቀሚሱ ተሰቅሏል፤ አንዱ እጅጌ ግን የለውም።

«ምነው? ድግሱ እኮ ደረሰ!»

«እትዬ፣ መኪናው ካልተፈታ እጅጌው አይሰፋም። ውሉ ካልተጻፈ መኪናው አይፈታም፤ ኢዩኤል ካልፈረመ ውሉ አይጻፍም፤ ቁም ሳጥኑ ካልወረደ ኢዩኤል አይፈርምም፤ በሩ ካልተከፈተ ቁም ሳጥኑ አይወርድም፤ ማኅተም ካልተመታ በሩ አይከፈትም፤ እርስዎ ‹ይውጣ› ካላሉ ማኅተም አይመታም።»

እትዬ አስካለ ቀሚሱን አዩት። «በአንድ እጅጌ አማቾቼ ፊት ልቁም እንዴ?» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

እትዬ አስካለ «ይውጣ» አሉ፤ አቶ ልሳኑ ማኅተም መቱ፤ ጋሽ ደበሌ በር ከፈቱ፤ ጫኞቹ ቁም ሳጥኑን አወረዱ፤ ኢዩኤል... ኢዩኤል እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ቁም ሳጥኑ ተጭኗል፤ ሰበብ አልቋል።

«ከፈረምኩ በቃ ማለት ነው» አለ።

«በቃ ማለት ነው» አለች ትርሲት። እሷንም ከፍቷት ነበር።

ፈረመ። ሳትጠይቀው ቁልፉንም ሰጣት። እትዬ አስካለም ጻፉ።

ትርሲት አንሶላውን ፈታች። ቁም ሳጥኑ የነበረበት ግድግዳ ባዶውን ቀርቶ ቤቱ ሰፍቶባታል። መኪናዋን ወደዚያ ገፋችና እጅጌውን መስፋት ጀመረች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ፤ የተረፈውን ይዛችሁ ስትወጡ ግን የመውጫ ወረቀት አትርሱ።